ገጽ አሥራ ሰባት

ካሜራዬ የወተት ቆርቆሮ ነው፤
ከነስሩ ሱቅ ባዶውን የገዛሁት፣
ሆዱን በጥላሸት የቀባሁት፣
ወገቡን በመርፌ የወጋሁት።
ብርሃን በዚያች ቀዳዳ፣ እንደ ቀበሌ ባለጉዳይ፣
ተራውን ጠብቆ አንድ ባንድ ይገባል።

ፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል፣ አጥር ላይ አስቀመጥኩት፤
አርባ ደቂቃ።
ሚኒባሱ አለፈ፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣
ደላላው አለፈ በሁለት ስልክ ምሎ፣
የሙሽራ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ፤
ወረቀቱ አንዳቸውንም አላወቀ፣
የቸኮለ ሁሉ ከፎቶው ጠፋ።
የቀረው የባንኩ ዘበኛ ነው፣ ጋሽ ኩራባቸው፣
ወንበሩ ላይ፣ ዱላው ጉልበቱ ላይ፣ ጥርት ብሎ፣
ጎዳናውን ብቻውን የወረሰ መስሎ።

የማጥበው በጋራው ሽንት ቤት ነው፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቀይ አምፖል አብርቼ።
እማማ ይርገዱ በር ያንኳኳሉ፦
«ምን ታደርጊያለሽ እዚያ ውስጥ?»
«ፎቶ እያጠብኩ ነው።»
«ምን ነክቶት ቆሸሸ?»

አንድ ሌሊት መሀል እጥበት ላይ ውሃ ሄደ፤
ጀሪካኑም ባዶ።
ያልታጠበው ወረቀት ሲነጋ
ጠርዙ ላይ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ እድፍ አበቀለ።
ኋላ በመክፈቻው ምሽት አንድ ባለመነጽር ተጠጋና
«ይህ እንዴት ያለ ቴክኒክ ነው?» አለኝ።
«ፈረቃ» አልኩት።
ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

አራት ኪሎ ላይ ግን ፖሊስ ያዘኝ።
«ምንድን ነው?»
«ካሜራ።»
«ወተት ይላል እኮ።»
«ወተት ነበር።»
«ክፈቺው።»
በብርሃን የሚሞት ነገር አለበት ብዬ ለመንኩት፤
ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው።
ከፈትኩት። የስድስት ሰዓት ፀሐይ
በችርቻሮ የለቀምኩትን በጅምላ አፈሰሰችበት።
አጥቤ ባየው ጥቁር፣
በብርሃን ብዛት የጠቆረ ጥቁር።
ከሁሉም እሱን ወደድኩት።

ለመጽሐፉም መረጥኩት፤ ገጽ አሥራ ሰባት።
ገንዘቡ የሁለት ዓመት እቁብ ነው።
የማተሚያ ቤቱ አቶ ጌጡ ደግ ሰው ናቸው፦
«እህቴ፣ አንዱ ገጽ ተበላሽቶብሽ ነበር፤
ቀለምም ይጨርሳል። ባዶውን ተውኩልሽ።»
ሦስት መቶ ቅጂ፣ ሦስት መቶ ነጭ ገጽ።
አሥራ አንዱ ተሸጠ፣ አንዱ ተመለሰ፦
«ገጽ ጎድሎታል» ተብሎ።
የተረፈው አልጋዬን ከፍ አድርጎታል።

ጋለሪ ስዞር አንዷ «ላሊበላ የለሽም?» አለችኝ፣
ሌላው «ትንሽ ቀለም፣ ትንሽ ፈገግታ ቢኖር»፣
ሦስተኛው ቆርቆሮውን አገላብጦ አነበበ፦
«ከስድስት ወር በላይ ላሉ ሕፃናት።»
ሳቀ። «ሐምሌን ማንም አይፈልገውም፣
ጣሪያው ያፈሳል። ውሰጂው።»

በሦስተኛው ቀን፣ በካፊያ፣ ጋሽ ኩራባቸው መጡ።
ኮፍያቸውን አውልቀው ፎቷቸው ፊት ቆሙ፣
እዚህም እንደዚያው፣ ሳይነቃነቁ።
ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ቀረብኩ።
«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ይቺን አውርጂልኝ።
አርባ ደቂቃ እንዲህ ጥርት ያልኩት
ተኝቼ ነው።
አለቃዬ ካያት አለቀልኝ።»

አወረድኩላቸው። በጋዜጣ ጠቅልለው
ካፖርታቸው ውስጥ ሸሽገው ወጡ፣
ዘበኛ ሆነው እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያዩ።

ምስማሩ ባዶውን ከሚያድር
ያንን ጥቁር ሰቀልኩበት፣ ከነመስታወቱ።
«እዚህስ ላይ ሰው የት አለ?» አለች አንዲት ልጅ፣
ጃንጥላዋ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ።
ተጠጋች።
ዝም አለች።
ከዚያ ግንባሯ ላይ የተለጠፈውን እርጥብ ጸጉር
በሁለት ጣቷ ወደ ኋላ መለሰች።